ቬሎም «ትሬን» አለው እንዴ? ባቡርና የሙሽራ ልብስ ምን አገናኛቸው?

ድሬ ቬሎ (ከዚራ)

ያ ጀመዓ፣ ሰላም ናችሁ? ሙቀቱ እንዴት አድርጓችኋል? እኛ ጋ ቬንትሌተሩ ራሱ አልቦታል።

ጥያቄዬ የእንግሊዝኛ ነው። ግን ከሥራዬ የመጣ ስለሆነ ከሥሩ ልንገራችሁ፣ ትንሽ ታገሡኝ።

ቬሎ አከራያለሁ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ትንሽ ሱቅ አለችኝ። አሥራ አንድ ቬሎ፣ አንድ የቁም መስታወት፣ አንድ የእናቴ ሲንገር። ጥርና ሚያዝያ እንቅልፍ የለም። የሙስሊሞቹ ሰርግ ደግሞ ከረመዳን በፊትና በኋላ ይጎርፋል። በመሀል ያለው ጊዜ ግን ዝንብ ማባረር ነው። ያኔ ነው ስልኬ ላይ ተጥጄ ለቀጣዩ ወቅት አዲስ ልብስ የማየው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ቬሎ ዓይኔን ያዘው። እጅጌው ዳንቴል፣ ወገቡ ሰብሰብ ያለ፣ ጀርባው ላይ ከላይ እስከ ታች ቁልፍ። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው። የእኔ እንግሊዝኛ ደግሞ ከ«ሳይዝ» እና ከ«ፕራይስ» አያልፍም። ስልኩን በአማርኛ ተርጉምልኝ አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ነጭ የሰርግ ልብስ ከካቴድራል ባቡር ጋር»። ወረድ ብሎ ደግሞ «ሊነቀል የሚችል ባቡር»።

መጀመሪያ ብቻዬን ሳቅኩ። ከዚያ ፈራሁ። ገንዘብ ከፍዬ፣ ወር ጠብቄ፣ ባቡር የተጠለፈበት ቬሎ ቢመጣልኝ ማን ይከራየኛል?

የስምንተኛ ክፍል ልጄን ጠራኋት። አየችና «እማ፣ ትሬን ነው የሚለው። ትሬን ባቡር ነው» አለችኝ። ፎቶውን አስፋ አድርገን ስናየው ገባን። ከኋላ መሬት ላይ የሚጎተተውን ማለቱ ነው። እኔና ሠራተኛዬ «ጭራው» የምንለውን። ያ ጭራ ስንቱን አሳየን መሰላችሁ! ባለፈው ጥር አንዷ ሙሽራ ለፎቶ ብላ ባጃጅ ላይ ወጣች። ሚዜዎቹ ጭራውን ረሱት። ባጃጁ ሲነሳ የኋላው ጎማ ሁለት ዙር ጠቀለለው። ልጅቷ ደህና ነች፣ ተመስገን። ቬሎው ግን ከጉልበት በታች ግሪስ ሆነ። በኦሞም በሎሚም ብዬ አልለቅ አለኝ። በመጨረሻ ግማሽ ሜትር ቆርጬ ጣልኩት።

ወደ ጥያቄዬ። ይኸው ቃል ባቡር ነው፤ ጭራም ነው። ከዚያ ማታ ወንድሜ ደወለና «ትሬኒንግ ላይ ነኝ» አለኝ። ሦስተኛ መጣ! እኔ የገመትኩት ጭራው እንደ ባቡር ረጅም ስለሆነ በባቡር ስም ተጠራ ብዬ ነው። ትሬኒንጉን ግን ከየት ላምጣው? ሰው ሲሠለጥን ባቡር ይሳፈራል እንዴ? የምታውቁ አስረዱኝ። ለሙሽሮቹም የማወራው ላግኝ፣ ልኬት ሲወሰድ ዝም ይሉኛል።

---

አቦ ባጃጅ (ሳቢያን)

አቦ እቺ ሴትዮ! የጥር ወሩን ባጃጅ አውቀዋለሁ፣ እኔ አይደለሁም ወላሂ። የእኔ ጎማ መሸፈኛ አለው።

ትሬኑን የሚያውቅ ይምጣ። እኔ ግን ስለ «ባቡር» አንድ ነገር ልጣል። ሶማልኛ ላይ ባቡር ማለት መኪና ነው። ይኸ እኛ ጋ ለተወለደ ምንም አይደለም። ከአዲስ አበባ ለመጣ ግን ጉድ ነው። አንድ ቀን እዚሁ ድሬ ከታይዋን ገበያ ሁለት ሰው ጫንኩ። አንዷ ሶማሌ እናት ናቸው፣ ሁለተኛው ከሸገር የመጣ ነጋዴ። እናትየው ስልክ ላይ አማርኛና ሶማልኛ እየቀላቀሉ «ባቡሩ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ልጄ አደረ» እያሉ ያለቅሳሉ። ነጋዴው ደነገጠ። በማግስቱ በባቡር ጅቡቲ ሊሄድ ነበር ለካ። ትኬቱን ሊመልስ ሲል ነው «ወንድሜ፣ ፒክአፕ ነው የተበላሸው» ያልኩት።

---

ቲቸር ከጀጎል (ሐረር)

ድሬ ቬሎ እህቴ፣ ይኸንን ጥያቄ ተማሪ ቢጠይቀኝ ማርክ እጨምርለታለሁ። እንግሊዝኛ ሳስተምር ዓመታት አልፈውኛል፣ አንድም ቀን የጠየቀኝ የለም። ሁሉም «ትሬን = ባቡር» ብሎ ጽፎ ገጹን ይገለብጣል።

መልሱ ግን የገመትሽው ተቃራኒ ነው። ቬሎው ስሙን ከባቡሩ አልወሰደም። ባቡሩ ነው ከቬሎው ኋላ የመጣው። ጭራው ታላቅ ነው፣ ባቡሩ ታናሽ። በመሀላቸው ሦስት መቶ ዓመት አለ፣ ከዚያም ይበልጣል።

ሥሩ ላቲን ነው። «ትራሄሬ» የሚባል ግሥ አለ፤ መጎተት፣ መሳብ ማለት ነው። ከላቲን በፈረንሳይኛ በኩል ዞሮ እንግሊዝ ገባ። ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ቤተ መንግሥቱም ፍርድ ቤቱም ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ስለነበር ቃላቱ በገፍ ገብተዋል። «ትሬን» በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንግሊዝኛ ውስጥ ትገኛለች። ያኔ ምን ነበረች መሰለሽ? መዘግየት! ነገርን ማስረዘም። በኛ «ጉዳዬን አጓተቱብኝ» እንደምንለው። ገመድ የለ፣ ሸክም የለ፣ ግን ጎተቱት እንላለን። እንግሊዞች ያንን ትርጉም ጥለውታል። እኛ አልጣልነውም። ማስረጃ የሚፈልግ የትኛውም ቢሮ ደጃፍ ሄዶ ይሰለፍ።

ቀጥሎ ያንቺ ጭራ መጣ። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን «ትሬን» ከቀሚስና ከካባ ኋላ መሬት ላይ የሚጎተተው ጨርቅ ነበር። ያኔ ባቡር አይደለም፣ ባቡርን ያለመ ሰውም የለም። ከዚያው ዘመን ጀምሮ አጀብንም ይሉታል። ንጉሥ ሲሄድ ከኋላው የሚከተለው ሰው፣ ፈረስና ጓዝ ሁሉ «ትሬን» ነው። እንደ ጭራ ተከታትሎ ስለሚሄድ። የግመል ቅፍለትም በእንግሊዝኛ «ካሜል ትሬን» ነው እስከ ዛሬ። ይኸ ለኛ ሐረሮች ቅርብ ነው። ቡናችንና ቆዳችን ባቡር ከመምጣቱ በፊት በግመል ነበር በረሃውን አቋርጦ ዘይላ የሚወርደው። እንግዲህ በእንግሊዝኛ ካየነው ሐረር ከድሬ በፊት «ትሬን» ነበራት። የድሬ ልጆች ይቅር በሉኝ።

አሁን ባቡሩ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ብሪታንያ ውስጥ በእንፋሎት የሚሠራ ሞተር ሐዲድ ላይ ጋሪ መጎተት ጀመረ። የጆርጅ ስቲቨንሰን ሞተር የስቶክተንና የዳርሊንግተንን መስመር የከፈተው በ1825 ነው። ከሞተሩ ኋላ ተቀጣጥለው የሚጎተቱትን ጋሪዎች «ትሬን ኦፍ ካሪጅስ» አሏቸው። የጋሪዎች ጭራ እንደማለት። በኋላ አፋቸው ሰነፈና «ትሬን» ብቻ ቀረ። ይቺን ልብ በይልኝ። ስሙ የወጣው ለሚጎትተው አይደለም፣ ለሚጎተተው ነው። የሚጎትተው የራሱ ስም አለው፣ ሎኮሞቲቭ ይባላል። ስለዚህ ያንቺ ሙሽራ ሎኮሞቲቭ ናት። ትሬኑ ከኋላዋ ያለው ነው።

«ካቴድራል» ያለሽ ርዝመቱን ነው። ካቴድራል ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ለሱ የሚመጥነው ረጅሙ ጭራ «ካቴድራል ትሬን» ተባለ። አጠር ያለው «ቻፕል ትሬን» ነው፣ ለትንሿ ጸሎት ቤት የሚበቃ። «ሊነቀል የሚችል» ያለሽ ደግሞ በቁልፍ ወይም በመንጠቆ ወልቆ የሚቀመጥ ነው። እሱን እዘዢ። ባጃጅ ይወዳል።

ትሬኒንግ የቀረው። ይኸም ከመጎተት ነው፣ ግን በአትክልት በኩል ዞሮ ነው የመጣው። እናንተ ከዚራ ቡገንቪሊያ በየአጥሩ አለ አይደል? ዝም ካሉት ወደ መንገድ ተንጋዶ የሰው ዓይን ይወጋል። ባለቤቱ ቅርንጫፉን ይስበዋል፣ ወደ ሽቦው ያመጣዋል፣ ያስረዋል። በሚቀጥለው ዓመት ቅርጽ ይይዛል። እንግሊዞች ይኸንን ቅርንጫፍ መሳብ «ትሬን» ይሉት ነበር፣ አሁንም ይሉታል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያንኑ ቃል ለሰው አደረጉት። ልጁን ሳቡት፣ አቃኑት፣ አሰሩት፣ ሠለጠነ። ወንድምሽ አሁን ሽቦ ላይ እየታሰረ ነው ማለት ነው።

የኛው «ሥልጠና» ግን ሌላ ቤት ነው። ከ«ሥልጣን» ጋር አንድ ሥር ነው፤ የዓረብኛው «ሱልጣን»ም ዘመዱ ነው። የፈረንጁ ሠልጣኝ ተጎታች ሲሆን የኛው ባለሥልጣን መሆኑ ነው። ለዚህ ይሆን ትሬኒንግ ወስዶ የሚመለስ ሰው ሁሉ አለቃ የሚሆንብን?

---

ሚዜ ቁጥር ሦስት (ድሬ)

ቲቸር፣ ይኸ ሁሉ በአንድ ቃል? እኔ አሥር ጊዜ ሚዜ ሆኛለሁ፣ ዘጠኙን ጭራ ይዤ ነው የዋልኩት። ለካ የባቡር ሠራተኛ ነበርኩ!

የእንግሊዟ ዲያና በ1981 ስታገባ የጎተተችው 25 ጫማ ነበር። ከሰባት ሜትር ተኩል በላይ! ድሬ ላይ ቢሆን የፊቷ አዳራሽ ሲገባ የኋላው ገና ፀሐይ ላይ ነው።

---

ድሬ ቬሎ (ከዚራ)

ቲቸር እጅህ ይባረክ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለተኛውን ጮክ ብዬ ለሠራተኛዬ።

ጭራው የባቡር ታላቅ ነው ማለት ነው እንግዲህ። እኔ ደግሞ ሕይወቴን ሙሉ ባቡር የሁሉ ታላቅ ይመስለኝ ነበር። እናቴ የወለደችኝ ለገሃር አጠገብ ነው። ባቡሩ ሲገባ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የማርያም ሥዕል ይንቀጠቀጣል፣ እናቴ «ኧረ ቀስ» ትለዋለች፣ እንደ ሰው። ከተማዋን ያመጣት ባቡር ነው እየተባልን ነው ያደግነው። የቬሎ ጭራ ይቀድመዋል ብሎ ማን ያስባል?

አንድ የቀረኝ ግን አለ። እሺ እንግሊዞቹ ከሚጎተተው ጠሩት። እኛ «ባቡር» ያልነው ከምንድን ነው? አቦ ባጃጅ የሶማሊውን አምጥቶ አወሳስቦብኛል።

---

የድሮ ፉርጎ (ለገሃር)

ልጆቼ፣ እንደምን አላችሁ። የምታጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነች። ፊደል ከሳተች በእሷ ሂሳብ ነው።

ባቡር ላይ አርጅቻለሁ። አባቴም ባቡር ሠራተኛ ነበር፣ የእንፋሎቱ ዘመን ሰው። እኔ የደረስኩት ናፍጣው ከመጣ በኋላ ነው። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ዘመን ነበርን። እሱ ማታ ሲገባ የከሰል ሽታ፣ እኔ ስገባ የናፍጣ። እናቴ ሁለታችንንም በር ላይ ሳታስቆም አታስገባም ነበር።

ባቡር የመጣው ከዓረብኛው «ባቡር» ነው። አንዳንዱ ዓረብ «ዋቡር» ይለዋል። ዓረቦቹ ደግሞ ከፈረንጅ ያገኙት ነው፣ ፈረንሳዩ «ቫፐር»፣ ጣልያኑ «ቫፖሬ» ይለዋል። እንፋሎት ማለት ነው። መጀመሪያ በእንፋሎት የሚሄደው መርከብ ነበር በዚህ ስም የተጠራ። ከዚያ እንፋሎት ያለው ነገር ሁሉ ባቡር ሆነ። ወፍጮው የባቡር ወፍጮ፣ ሐዲድ ላይ የሚሄደው የምድር ባቡር። በምኒልክ ዘመን አርመኑ ሰርኪስ ቴርዚያን በእንፋሎት የሚሄድ መንገድ መዳመጫ ሲያስመጣ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ነው ያለው። ሐዲድ የለው፣ ፉርጎ የለው። ግን ያጨሳል፣ ይተነፍሳል። ሶማሊዎቹም መኪናውን ባቡር ማለታቸው ከዚሁ ነው። አልተሳሳቱም። ሁላችንም ከአንድ ጉድጓድ ቀድተን በየእንስራችን ነው የያዝነው።

አሁን ቲቸር ያለውን ተመልከቱ። እንግሊዙ ኋላውን አይቶ የሚጎተት አለው። እኛ ፊቱን አይተን የሚጨስ አልነው። እሱ ከጭራው ያዘው፣ እኛ ከአፍንጫው። እኔ እንደ ባቡር ሰው የኛን እመርጣለሁ። ፉርጎ ብቻውን የትም አይሄድም፣ ሐዲድ ላይ ቆሞ ይዝጋል እንጂ። የራሴን ስም «የድሮ ፉርጎ» ያልኩትም ለዚህ ነው።

ፈረንሳይኛውን ልጨምር። አለቆቻችን ባቡሩን «ለ ትራን» ይሉታል። የሙሽራ ጭራ ግን «ላ ትሬን» ነው። አንዱ ወንድ፣ አንዷ ሴት፣ ያው የአንድ እናት ልጆች። ሥራ ላይ እግሩን ለሚጎትት ሰው ደግሞ «ትሬናር» የሚል ስድብ ነበራቸው። ወጣት ሆኜ ጠዋት አርፍጄ ስገባ ከሩቅ እሰማዋለሁ፣ «ትሬናር!» ትርጉሙን ሳላውቅ የሥራ መደብ መስሎኝ ነበር። ለአባቴ «ትሬናር አድርገውኛል» ብዬ አበሰርኩት። አባቴ ፈረንሳይኛ ያውቅ ነበር። አልሳቀም።

ድሬ ብዙ ፈረንሳይኛ ነው የምትናገረው፣ ሳታውቀው። ለገሃር «ላ ጋር» ነው፣ ጣቢያው። ፉርጎ «ፉርጎን» ነው። ልጄ፣ ያንቺ ዳንቴልም ፈረንሳይ ነው፤ ጥርስ ከሚለው ቃል የወጣ፣ ትናንሽ ጥርስ እንደማለት ነው። ጠርዙን አይተሽ ፍረጂ። ሐዲድ ብቻ ዓረብ ነው፣ ብረት ማለት ነው። ሹፌርስ? ይኸን ለአቦ ባጃጅ ስጡት። በፈረንሳይኛ «የሚያሞቅ» ማለት ነው። በእንፋሎቱ ዘመን ባቡሩን የሚነዳው መካኒሲያን ይባላል። ሾፈር ከሱ ጎን ሆኖ ከሰል በአካፋ እየወረወረ እሳት የሚቆሰቁሰው ነው። አባቴ ያንን ሠርቷል። የግንባሩ ፀጉር አይበቅልም ነበር፣ እሳቱ ይልሰዋል። በኋላ መኪና ሲመጣ ስሙ ወደ ነጂው ተሻገረ።

---

አቦ ባጃጅ (ሳቢያን)

አባባ ዕድሜ ይስጥዎ! ከዛሬ ጀምሮ «ሹፌር» ሲሉኝ የማሞቅ ነኝ። ድሬ ላይ ማሞቅ ምን ሥራ ነው ግን? ፀሐይዋ ትበቃለች።

ቲቸር፣ አንድ ጥያቄ። ደንበኛ ብቻውን ሲሄድ «ኮንትራት» እንላለን። ይኸም እንግሊዝኛ ነው አይደል? መጎተት አለበት?

---

ቲቸር ከጀጎል (ሐረር)

አለበት! በጥሩ ቀን ጠየቅከኝ። ኮንትራት ከዚያው ከ«ትራሄሬ» ነው። ፊቱ ላይ ያለችው «ኮን» አብሮ ማለት ናት። አብሮ መሳብ። ሁለት ሰው ተሳስቦ አንድ ነጥብ ላይ መገናኘት፣ ውል ማለት ነው። ያንተም ኮንትራት እንደዚያ ነው። ተሳፋሪው 80 ይላል፣ አንተ 150 ትላለህ፣ ትሳሳባላችሁ።

ትራክተርም ከዚያው ነው፣ ጎታች ማለት ነው። ማስታወቂያ ላይ «አትራክቲቭ ደመወዝ» የሚሉት ሳቢ ማለት ነው፣ ያው ሥር። ተማሪዎቼ የሚጠሉት መቀነስ፣ «ሰብትራክሽን»፣ ከሥር ስቦ ማውጣት ነው።

አባባ ያሉትን ግን አንድ ላስተካክል፣ በትሕትና። እኛም ከሚጎተተው መጥራት አላቃተንም። «ተሳቢ»ን ተመልከቱ። ሰዋስው ላይ «ሙሽራዋ ቬሎውን ለበሰች» ሲባል ቬሎው ተሳቢ ነው። የጅቡቲ መንገድ ላይ ደግሞ ከባድ መኪናው የሚጎትተው ተሳቢ ነው። ባዮሎጂ ክፍል ብትገቡ እባቡና እንሽላሊቱ ተሳቢ ናቸው። አንዷ ቃል ሰዋስውም፣ መኪናም፣ እባብም። አንድ ፈረንጅ አማርኛ ሲማር ሦስቱን ቢያገኛቸው እንደ ድሬ ቬሎ «ምን አገናኛቸው?» ብሎ ይጽፍ ነበር። ያገናኛቸው መሳብ ነው።

---

የድሮ ፉርጎ (ለገሃር)

ተቀብያለሁ ቲቸር። የልጅ ልጄም «ተሸነፍክ» እያለች ነው።

አንድ ነገር ግን ቅር ይለኛል። አዲሱ ባቡር በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው። ሽቦ ከላይ፣ ጭስ የለ፣ ትንፋሽ የለ። እንፋሎት ሳይኖረው «ባቡር» እንለዋለን። ጣቢያውም ከከተማ ወጥቷል፣ የማርያም ሥዕል የሚያንቀጠቅጠው የለም። እንግሊዙ ግን ናፍጣም ይሁን ኤሌክትሪክ እየጎተተ እስካለ ስሙ ልክ ነው። በዚህ በኩል ቀድሞናል።

---

ድሬ ቬሎ (ከዚራ)

አባባ፣ የእናቴን «ኧረ ቀስ» አስታወሱኝ። ሱቅ ሲመጡ ቡና አፈላልዎታለሁ፣ የልጅ ልጅዎንም ይዘው ይምጡ። ልኬቷን በነጻ እወስዳለሁ።

አሁን ቬሎውን አዝዣለሁ። የሚነቀለውን። ከወር በኋላ ይደርሳል።

ትናንት ደግሞ የቲቸርን ወሬ ይዤ ሥራ ገባሁ። «ጭራ» የሚለው ለሙሽራ አይመጥንም ብዬ ድሮም ይከነክነኝ ነበር፣ የበግ ይመስላል። ሠራተኛዬን «ከዛሬ ጀምሮ ተሳቢ በይው» አልኳት። በር ላይ ያለችውን ሰሌዳ አጥፍቼ በአዲስ ቾክ ጻፍኩ፦ «ቬሎ ከነተሳቢው ይከራያል»። ኮራሁ።

ከሰዓት አንዲት ልጅ ከእጮኛዋ ጋር መጣች። እጮኛው የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው። በር ላይ ቆሞ ሰሌዳውን ሁለት ጊዜ አነበበው። ልጅቷ ውስጥ ገብታ ስትለካ እሱ እኔ ጋ ጠጋ አለና፣ በጣም ኮስተር ብሎ፣

«እናት፣ ተሳቢውን ጋራዥ ጥለን ጎታቹን ብቻ ብንከራይ በስንት ነው?»